ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ስለመማር፦ ከከተማው ዳር ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ዳር ባለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ጂኦግራፊ የተማረው ልጅ» ተብዬ ስለምታወቅ፣ በየዓመቱ ምደባ ሲወጣ እነዚሁ ጥያቄዎች ደረጃው ላይ ይጠብቁኛል።

ጂኦግራፊ የአገርና የዋና ከተማ ስም መሸምደድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ግን እንደዚያ ብታስቡ አልፈርድባችሁም። ሁላችንም «ረጅሙ ወንዝ ማን ይባላል? ትልቁ ሐይቅ የቱ ነው?» እየተባልን ነው ያደግነው። ኮሌጅ ሲገባ ጥያቄው ይዞራል። የት እንዳለ ማወቅ መነሻ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ለምን እዚያ ሆነ? እዚያ በመሆኑስ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ?» ይመጣል።

የሰፈሬን ስም ውሰዱ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከኮረብታው ወደ ሜዳው ስትወርዱ ግን ጥቁሩን ዋልካ ታገኛላችሁ። በአጭር መንገድ ሁለት አፈር። ተዳፋት ላይ ውሃ ስለማይቆም አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት አየር አግኝቶ ይዝጋል፤ ቅላቱ የዝገት ቅላት ነው። ሜዳው ላይ ውሃው ይተኛል፣ ደቃቁ ሸክላ ይጠራቀማል፣ አፈሩ ይጠቁራል። «ይሄ ለምን ቀላ፣ ያ ለምን ጠቆረ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ትምህርቱን ጀምራችኋል።

በነገራችን ላይ «ካርታ ነው የምሠራው» ያልኳቸው አንድ ጎረቤቴ የቤት ካርታ የማስወጣ መስሏቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡና ጠርተውኛል። እውነቱን ስነግራቸው ቡናው ቆመ።

«አካባቢ ጥናት» የሚለው ለምን ተቀጠለበት?

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ክፍሉ ስም «ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት» ነው። ሰውንና መሬቱን ለያይታችሁ እንዳታጠኑ ነው ነገሩ። በአንድ በኩል ዳገቱ፣ ዝናቡና አፈሩ አለ። በሌላ በኩል እርሻው፣ ቤቱ፣ ፋብሪካውና ሕጉ። ትምህርቱ የሚጣፍጠው ሁለቱ ሲነካኩ ነው።

ያንኑ ዋልካ እንመልሰው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ መጋቢት ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ለአቃቂ ገበሬ ይሄ ጸጋ ነው። ጤፉን ይዘራበታል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ አፈሩ ባቆየው እርጥበት ብቻ ይደርስለታል። ለቤት ሠሪው ግን ያው አፈር መከራ ነው። ክረምት ላይ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በጋ ላይ ይለቀዋል፣ ግድግዳው ይተረተራል። ለዚህ ነው ቤት የሠራ ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ጥቁሩን አስጠረግኩ፣ ከዚያ ገረጋንቲ ሞላሁ» እያለ የሚያወራው። የአፈሩ ጠባይ ያው ነው። ጸጋ ወይ መከራ የሚያደርገው ከላዩ የምትሠሩበት ነገር ነው።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?

በመደበኛው መንገድ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ነው። ጂኦግራፊ ከማኅበራዊ ሳይንስ የፈተና ትምህርቶች አንዱ ስለሆነ አብዛኛው ተማሪ ከዚያ ዘርፍ ይመጣል። የመጀመሪያ ዲግሪው የፍሬሽማኑን ዓመት ጨምሮ አራት ዓመት ነው። ፍሬሽማን ላይ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» የሚባለውን ኮርስ ኢንጂነሪንግ የሚያልመውም ጭምር ይወስደዋል። ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ ከዚያ በኋላ በምርጫና በውጤት ነው። ማብቂያው ላይ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ስድስት ኪሎ ያለው፣ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። በምሥራቅ በኩል ላላችሁ ደግሞ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይቀርባል። ከቱሉ ዲምቱ ስድስት ኪሎ በየቀኑ መመላለስ በራሱ አንድ የከተማ ጂኦግራፊ ኮርስ ነው። ክሬዲት ግን አይሰጥበትም።

ሒሳብ ፈርቼ ነው ማኅበራዊ ሳይንስ የገባሁት። እዚህም ይከተለኛል?

ይከተላችኋል፤ ግን አይነክስም። ስታቲስቲክስ አለ። የካርታ መለኪያ አለ፦ በ1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ስሌት ማካፈልና ማባዛት ነው።

አንድ ላሳያችሁ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ 2,100 አካባቢ ናት። ልዩነቱ 900 ሜትር ገደማ ነው። ሲባዛ ስድስት ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። እንጦጦ ላይ ጋቢ የተደረበበት ጠዋት አቃቂ ላይ በሸሚዝ የሚኬደው ለዚህ ነው። ወይና ደጋና ደጋ ብለው የከፈሉት አባቶቻችን ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ በሚበቅለው እህል ነው የለኩት።

ልጄ ሳትመርጠው ጂኦግራፊ ደረሳት። እልል ልበል ወይስ ላልቅስ?

እማማ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩት። እኔም አራተኛ ምርጫዬ ነበር። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አኩርፌ ነው የጨረስኩት። ኩርፊያዬ የተፈታው መምህራችን ክፍሉን ሰብስቦ ወንዝ ዳር ሲያወርደን ነው። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ በድልድይ የምሻገረውን ወንዝ ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

ልጅዎ ግን እውነት ካልወደደችው ቶሎ ትናገር። ዲፓርትመንት መቀየር የሚቻልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሬጅስትራር ደግሞ እንባ አያይም። የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው። በእግር መሄድ የምትጠላ፣ ማንበብም የምትጠላ ከሆነች ትቀይር። ከሁለቱ አንዱን ከወደደች ትቆይ።

ላፕቶፕ የለኝም። ጂአይኤስ እንዴት ልማር ነው?

ይሄ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል፤ ምክንያቱም ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና የቦታ መረጃን መተንተን፣ ዛሬ ከዚህ ትምህርት ሥራ የሚያስገኘው ትልቁ ሙያ ነው። ግቢ ያለው ላብራቶሪ ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም። ለአንድ ኮምፒውተር አራት ሆነን የተማርንበት ሴሚስተር ነበረኝ። ማውሱን የያዘው ልጅ ተማረ፣ ሦስታችን ተመለከትን።

መውጫው እንዲህ ነው። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ በጋራ የተገዛ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም እያቃሰተ ይሠራል። የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ምስሎቹ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር ያህል ቦታ ለይቶ ያሳያል፤ እሱም ነፃ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጉግል ኧርዝ ላይ የቆዩ ምስሎችን የምታሳየውን ሰዓት መሳይ ምልክት ንኩ። ያላችሁበትን ብሎክ ፈልጉና ወደ ኋላ ሂዱ። ኮንዶሚኒየሙ ይጠፋል፣ የእርሻ ማሳ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስልኬን አስቀምጬ በመስኮት ነው ያየሁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ ላይ ነው የተሠሩት። የስልካችሁ ጂፒኤስ ግን የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱን ሳታስታርቁ ከደረባችሁ ነጥባችሁ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ምክንያት ቤተ ክርስቲያኑን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ፕሬዘንት አድርጓል። መምህሩ «ጥምቀት ነው?» አሉት።

የመስክ ሥራ የት ልሂድ? የትራንስፖርት እንኳ የለኝም።

ከከተማው ዳር የምትኖሩ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የመሐል ከተማ ልጆች በመኪና ተጭነው የሚመጡበት ቦታ ደጃችሁ ነው። ሌላ ቦታ አትመኙ።

እኔ ብሆን ወንዙን እከተላለሁ። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን ከሚከቡት ተራሮች ተነስተው፣ እነ ቀበናን እየሰበሰቡ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። አባ ሳሙኤል ግድብ ይገቡና ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ከሸንኮራ አገዳ እርሻዎቹ በታች ያለው የአፋር አርብቶ አደርና ሽሮ ሜዳ ያለው ልብስ አጣቢ የአንድ ተፋሰስ ሰዎች ናቸው። እንጦጦ ግርጌ ላይ ውሃውን በጠርሙስ ቅዱ። ቀበና ላይ ቅዱ። አቃቂ ላይ ቅዱ። ሦስቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ስትደረድሩ ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከዚያ የመስኖውን አትክልት እዩ። በወንዙ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ይበቅላል። ፋብሪካና ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቀው እዚሁ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ተመራማሪዎችም በውሃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ላይ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። «ታዲያ ለምን ያመርታሉ?» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ገበሬው ግን ወንዙን አልበከለም፤ የመጣለትን ውሃ ነው የሚያጠጣው፤ ልጆቹን የሚያሳድገውም በዚያ ነው። ጎመኑን ደግሞ ከተማው ነው የሚበላው። ከላይ የለቀቅነው ወጥ ሆኖ ይመለሳል። አባ ሳሙኤል ስትደርሱ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተተከለበትን ግድብ ታያላችሁ። እምቦጩንም።

ብር ሳታወጡ የምትሠሩት ሌላው ነገር ስሞችን መሰብሰብ ነው። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ እያላችሁ ቁጠሩ። «ቡርቃ» ምንጭ ነው። «ጨፌ» ረግረጋማ መስክ ነው። ጨፌ በሚባል ሰፈር ቤት ልትከራዩ ከሆነ ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ እዩት። ስትወጡ መታወቂያና የትምህርት ክፍሉን የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ከዝናብ በኋላ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ አስፈቅዱ፤ ያለዚያ የመስክ ሥራው ቀበሌ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያልቀው።

ሥራ አለው ወይ?

እውነቱን ልናገር። ዲግሪው ብቻውን ሥራ አይሰጥም። እኔ ከተመረቅኩ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ቤት ተቀምጫለሁ። ማስታወቂያ ላይ «ጂኦግራፊ ወይም ተዛማጅ» የሚለውን ታያላችሁ፤ «ተዛማጅ» ውስጥ ግን የመሬት አስተዳደሩም፣ የከተማ ፕላኑም፣ የአካባቢ ሳይንሱም ምሩቅ ተሰልፏል። የመጀመሪያ ገቢዬ ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት መረጃ መሰብሰብ ነበር፣ በቀን አበል። ሳፍርበት ከረምኩ። አሁን ሳስበው የጠቀመኝ እሱ ነው፤ ሰው ለጥያቄ እንዴት እንደሚመልስ ያወቅኩት በር ላይ ቆሜ ነው።

ሰፊው በር መምህርነት ነው፤ የማስተማር ሥልጠናውን ጨምራችሁ። ከዚያ የመሬትና የካዳስተር፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ምዝገባ፣ ቢሮዎች፣ የአደጋ ሥጋት ሥራዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች አሉ። አማካሪ ድርጅቶችም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይሠራሉ፤ ይሄ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ግዴታ የሆነ ነገር ነው፣ በወረቀት ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ቢኖርም። ካርታ መሥራት፣ ሰው ማነጋገርና በግልጽ መጻፍ ከቻላችሁ ከሰልፉ ትወጣላችሁ። ሦስቱንም የሚችል ብዙ ሰው አላየሁም።

አካባቢ ነው ሰውን የሚሠራው ወይስ ሰው አካባቢን?

ፈተና ላይ ይመጣል። «ዲተርሚኒዝም» እና «ፖሲቢሊዝም» የሚሉ ሁለት ቃላት ሸምድዳችሁ ታልፋላችሁ። የመጀመሪያው ተፈጥሮ የሰውን ኑሮ ትወስናለች ይላል። ሁለተኛው ተፈጥሮ አማራጭ ታቀርባለች፣ መራጩ ሰው ነው ይላል። እኔ ግን ይሄን ጥያቄ በባሕር ዛፍ ነው የምመልሰው።

ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ዙሪያዋ ደን ነበረው። ከተማዋ ስታድግ እንጨቱ ለማገዶና ለቤት አለቀ። በቀድሞው ልማድ እንጨት ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ይነቀላል። ምኒልክም በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ዋና ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። እዚህ ድረስ ዲተርሚኒዝም ያሸነፈ ይመስላል። ግን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ተተክሎ ነበር። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እንጨቱ ተገኘ፣ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። ሰው መረጠ፤ ፖሲቢሊዝም አንድ ለባዶ።

ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም። ሣር ያልሸፈነው ተዳፋት ላይ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ዛፉ የጫነባቸው ሰዎችም አሉ፦ ለአሥርት ዓመታት የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱት እናቶች። ከተማው እንጀራውን የጋገረው በእነሱ ወገብ ነው። ስለዚህ ተፈጥሮ አስገደደች፣ ሰው መለሰ፣ መልሱ ደግሞ አዲስ ተፈጥሮ ሆነ፣ እሱም በተራው ሌላ ሰው አስገደደ። ፈተና ላይ ይሄን ብትጽፉ ሁለቱን ቃላት መጥቀሳችሁን ብቻ አትርሱ፤ ማርኩ ያለው እዚያ ነው።

ድርቅንና የመሬት መንሸራተትን «የተፈጥሮ አደጋ» ብዬ ስጽፍ መምህሬ ለምን ይሰርዛል?

ክስተቱና አደጋው የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ዝናብ መቅረቱ ተፈጥሮ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ የኢትዮጵያን ዝናብ ሲያዛባ እናቶች በደጃፋችን ሰማይ ያዩ ነበር። የዝናብ መቅረት ረሃብ የሚሆነው ግን ገበሬው ጎተራው ባዶ ከሆነ፣ መንገድ ከሌለው፣ የሚሰማው ከሌለ ነው። የስድስት ኪሎው የጂኦግራፊ መምህር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ዕድሜያቸውን የጨረሱበት አንዱ ክርክር ይሄ ነው፦ ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም።

ለእኛ የሚቀርበውን ደግሞ ላንሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተናደው ሰው የሠራው ተራራ ነው። ከሥሩ የነበሩት ደግሞ ሌላ ቦታ መኖር ያልቻሉ ናቸው። ይሄን «የተፈጥሮ አደጋ» ብትሉት ከተጠያቂነት የሚያመልጠው ማን እንደሆነ አስቡ። መምህራችሁ የሰረዙት ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ብዛት በየመጽሐፉ ለምን ይለያያል? የትኛውን ልጻፍ?

መጨረሻ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር። ከዚያ ወዲህ የምታዩት ሁሉ ትንበያ ነው፤ አንዱ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ይላል፣ ሌላው ከአምስት ሚሊዮን በላይ። ሁለተኛው ምክንያት ወሰን ነው። አንዱ አስተዳደሩን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ተያይዞ የተሠራውን ሁሉ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ ሆነዋል። ጠዋት ታክሲ ላይ የሚሰለፈው ሰው ግን የየትኛው ከተማ ሰው እንደሆነ በመልኩ አይታወቅም።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። የየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወሰን፣ ቆጠራ ወይስ ትንበያ የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱንም ለዩ። የእኛንና የፈረንጁን ያደባለቀ ግራፍ ላይ ከተማዋ በስምንት ዓመት ወጣት ስትሆን አይቻለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስጠኝ።

አልሰጥም። ግን የሚጣለውን እነግራችኋለሁ። «የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ ላይ ያለው ተፅዕኖ» ይጣላል፤ አራት ወርና የታክሲ ብር ይዛችሁ ኢትዮጵያን አትጨርሱም። በእግር ልትዞሩት የምትችሉትን ቦታ ምረጡ። አንድ ጅረት፣ አንድ የድንጋይ ካባ፣ አንድ ብሎክ። ለምሳሌ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ፎቅ በፎቅ መዝግቡ። አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት በጄሪካን ስታወጣ ምድር ቤት ያለው መኪናውን ያጥባል። ውሃው ከለገዳዲ ይሁን ከአቃቂ ጉድጓዶች ጠይቁ። እዚያው ርዕስ አላችሁ።

ከመሬታቸው የተነሱ ገበሬዎችን ማጥናት እፈልጋለሁ። ፖለቲካ አይሆንብኝም?

ይሆናል። የከተማ ዳር መሬት ፖለቲካ ያልሆነበት ቀን የለም። በ2006 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያያያዘው ማስተር ፕላን ያስነሳውን ተቃውሞ፣ የጠፋውንም ሕይወት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፕላኑ በ2008 ዓ.ም. ቀረ፤ ጥያቄው አልቀረም። ስለዚህ መጀመሪያ ሕጉን አንብቡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። የሚነሳው ገበሬ ካሳ የሚያገኘው በመሬቱ ዋጋ አይደለም። በላዩ ላፈራው ንብረትና ለሚያጣው ገቢ ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከነማሻሻያው ነው። ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ዋጋ ያወጣል። የሁሉም ቅሬታ ሥሩ በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይሄን ሳታውቁ ሰው ፊት አትቅረቡ።

ሲቀጥል፣ የሰው ስም አትጻፉ፤ ቤቱን የሚጠቁም ፎቶም አታያይዙ። «ልማት ተነሺ» የሚለውን የቢሮ ቃል ይዛችሁ አትግቡ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸውን እንዲያ አይጠሩም። «ስንት ሄክታር ነበረዎት? ስንት ብር አገኙ?» ብላችሁም አትጀምሩ።

እኔ እንደዚያ ጀምሬ ነበር። የእኛን ብሎክ የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ፤ ሜዳው የእሳቸው ማሳ ነበር። መጠይቄን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ተነሱና ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰዱኝ። «እዚህ ሽምብራ ነበር። እዚያ ሱቁ ጋ ጤፍ። ውሃው በዚህ ነው የሚወርደው፣ እኛ ቦይ አውጥተንለት ነበር፣ እነሱ ደፈኑት» አሉኝ። ጻፍኩት። አማካሪዬ ከሥሩ በቀይ አሰመረና «በጂፒኤስ አረጋግጥ» አለኝ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጥል ወረድኩ። ውሃው እሳቸው በጠቆሙኝ በኩል መጥቶ ሱቁ ገብቷል፣ ባለሱቁ ስኳሩን መደርደሪያ ላይ እያወጣ ነው። ስልኬን አወጣሁና ነጥቡን መዘገብኩ።